አሮጌው ፒካፕ ሲያንገጫግጭ፦ አለስልሼ ልያዘው ወይስ ልቀይረው?

እናቴን ሐኪም ቤት አድርሻት ነበር። ከጋቢናው ስትወርድ በአንድ እጇ በሩን፣ በሌላው ወገቧን ይዛ ቆመች። "ልጄ፣ በእግሬ ብመጣ ይሻለኝ ነበር" አለችኝ። መኪናዬ 20 ዓመት ያለፈው ፒካፕ ነው። ሞተሩ ምንም አይወጣለትም። ጭነትም አይፈራም። ውስጡ የተቀመጠውን ሰው ግን ይጎዳል። ያን ቀን ማታ ልሸጠው ወሰንኩ።

አልሸጥኩትም። በቀጣዮቹ ወራት መጀመሪያ የተሳሳተ ዕቃ ገዛሁ። ከዚያ ትክክለኛውን ችግር አገኘሁ። በመሃል ደግሞ አዳዲስ ፒካፖችን እየዞርኩ ሞከርኩ። ይህን የምጽፈው እንደኔ በሁለት ሐሳብ ለተያዘ ሰው ነው። ገንዘቡም ወገቡም የእናንተ ነውና ረጋ ብላችሁ አስቡበት።

መጀመሪያ ይህን ጥያቄ መልሱ

መኪናችሁ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን የነበረው ምቾት ይበቃችኋል?

ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ነው ወደ ጋራዥ ወይም ወደ ሻጭ የሚሄደው። የአሮጌ ፒካፕ አለመመቸት ሁለት ቦታ ይከፈላል። አንዱ ከዕድሜ የመጣ ነው፤ የደረቀ ጎማ፣ የሞተ ሾክ (ውዝዋዜ ማብረጃ)፣ የተበላ ጎሚኒ (በብረቶች መካከል የሚገባ ላስቲክ)፣ የዛገ ባሌስትራ (መኪናውን የሚሸከሙ ተደራራቢ ብረቶች)። ይህ ይጠገናል። ሌላው መኪናው ሲሠራም የነበረ ነው፤ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለ አጭር ርቀት፣ ለጭነት የተሠራ ጠንካራ ባሌስትራ፣ ቀጥ ያለ የኋላ ወንበር። ይህ በጥገና አይለወጥም። ጥገና ፒካፑን ወደ ወጣትነቱ ይመልሰዋል እንጂ የቤት መኪና አያደርገውም።

መኪናውን በደህና ዘመኑ የምታውቁት ከሆነና "ያኔ እኮ እንዲህ አልነበረም" የምትሉ ከሆነ፣ ጥገናው የሚያዋጣችሁ ይመስለኛል። አርጅቶ ከገዛችሁት ግን ማነጻጸሪያ የላችሁም። ያው ሞዴል ኖሮት በደንብ የያዘ ሰው ፈልጉና 10 ደቂቃ ንዱት። ብዙ ነገር ይገለጥላችኋል።

ፒካፕ ለምን ያንገጫግጫል?

የአብዛኛው ፒካፕ የኋላ ባሌስትራ አንድ ቶን አካባቢ እንዲሸከም ተደርጎ ነው የተሠራው። ባዶውን ስትነዱት ያ ሁሉ ጉልበት የሚሸከመው ነገር የለውም። ጉብታ ሲመታው መታጠፍ ሲገባው መኪናውን ወደ ላይ ይወረውረዋል። ሞተሩና ጋቢናው ፊት ስለሆኑ የኋላው ክፍል ይበልጥ ቀላል ነው። ስለዚህ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ከሹፌሩ የባሰ ይጎዳል።

አንዳንዱ ለዚህ ብሎ ከኋላ ሁለት ሦስት ከረጢት አሸዋ ይጭናል። በእርግጥ ይሠራል፤ ክብደት ሲጨመር ባሌስትራው መሥራት ይጀምራል። ግን አሸዋው በደንብ ካልታሰረ ድንገት ፍሬን ስትይዙ ወደ ጋቢናው ይመጣል። ነዳጅም ይበላል። እኔ እንደ መፈተኛ ብቻ እጠቀምበታለሁ። 100 ኪሎ ያህል ከኋላው አክስል በላይ አስራችሁ ንዱ። በጣም ከለሰለሰ የኋላው ባሌስትራ ለእናንተ አጠቃቀም ከመጠን በላይ ጠንካራ ነው ማለት ነው። ምንም ካልተለወጠ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው።

"አይመችም" ብቻ ብላችሁ መካኒክ ጋ አትሂዱ። መኪናው ምን እንደሚያደርግ ለይታችሁ ንገሩት። ከጉብታ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚነጥር ከሆነ ሾክ ተጠርጣሪ ነው። ትንሽ ጠጠር እንኳ እስከ ወንበሩ የሚሰማ ከሆነ ጎማና ባሌስትራ ይታዩ። ከ80 እስከ 110 ኪሎ ሜትር በሰዓት ውስጥ ብቻ መሪው የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የጎማ ባላንስ ወይም የተጣመመ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት) ነው። ነዳጅ ስትረግጡ ከስር የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ክሮቼራው (ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚወስደው ዘንግ መገጣጠሚያ) ይፈተሽ። ጉድጓድ ሲገባ "ጓ" ብሎ ብረት ከብረት የሚጋጭ የሚመስል ከሆነ ባሌስትራው ወርዶ ከማቆሚያው ጎሚኒ ጋር እየተጋጨ ሊሆን ይችላል።

ጎማ፦ ከሁሉም በፊት

ከሁሉም የሚቀለውና የሚረሳው ይህ ነው። የእኔንም መኪና ግማሽ ችግር የፈጠረው እሱ ነበር።

የሹፌሩ በር ሲከፈት በር መቃኑ ላይ የተለጠፈ ምልክት አለ። ለባዶና ለጭነት የሚሞላው ንፋስ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ተጽፎበታል። በብዙ መካከለኛ ፒካፖች ለባዶ የሚታዘዘው 30 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) አካባቢ ነው። ለሙሉ ጭነት የኋላው ከዚያ በጣም ከፍ ይላል። እኔ ጋ የሆነው ምንድን ነው? ጎማ የሞላልኝ ሰው ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይቶ ሞላው። ያ ቁጥር ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ልክ ነው። ለመኪናው የታዘዘው አይደለም። ለከባድ ጭነት የተሠሩና ኢ የሚል የጭነት ደረጃ ያላቸው ጎማዎች እስከ 80 ፒኤስአይ ሊጻፍባቸው ይችላል። በዚያ ልክ ተሞልቶ ባዶውን የሚሄድ ፒካፕ በእንጨት ጎማ እንደሚሄድ ጋሪ ነው።

ንፋሱን ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ ለኩ። ጎማ ሲሞቅ ግፊቱ ይጨምራል፤ ሙቀቱ 5 ወይም 6 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲለወጥ ግፊቱ በ1 ፒኤስአይ ገደማ ይለወጣል። ስለዚህ ከረጅም ጉዞ በኋላ ለክታችሁ "በዝቷል" ብላችሁ አታስተንፍሱት። ለምቾት ብላችሁም ከታዘዘው በታች አትውረዱ። ጎማው ይሞቃል፣ ጠርዙ ይበላል፣ በፍጥነት ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

ቀጥሎ የጎማውን ዕድሜ እዩ። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ ተከትሎ በመጨረሻ አራት አሃዞች አሉ። 3519 ከሆነ በ2019 እ.ኤ.አ. በ35ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ላስቲክ ሳይነዳም ይደርቃል። ጥርሱ ገና ቢሆንም 6 ዓመት ያለፈው ጎማ በደንብ መመርመር አለበት። 10 ዓመት የሞላውን ምንም ቢመስል አውጡት። የደረቀ ጎማ ያንገጫግጫል፤ በዝናብ ደግሞ መንገዱን አይዝም።

ዓይነቱም ልዩነት ያመጣል። ኤልቲ የሚል ምልክት ያለው ጎማ ለቀላል ጭነት መኪና የተሠራ ነው። ጎኑ ወፍራም ነው፣ በድንጋይ አይቀደድም፣ ግን ደረቅ ነው። ኮረኮንች ላይ የሚውልና የሚጭን ሰው ያስፈልገዋል። አስፋልት ላይ ባዶውን ለሚሄድ ሰው፣ መኪናው የሚፈቅደውን የጭነት ልክ እስካሟላ ድረስ፣ ለስላሳው የአስፋልት ጎማ በጣም ይሻላል።

ቸርኬ ማሳደግ የምትወዱ ይህን ስሙኝ። 265/65 (ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ የጎኑ ከፍታም ከስፋቱ በመቶኛ) በ17 ኢንች ቸርኬ ላይ ሲሆን የጎማው ጎን 172 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። 265/60 በ18 ኢንች ላይ ሲሆን 159 ነው። ከውጭ ሲታዩ የሁለቱ ጠቅላላ ቁመት እኩል ነው ማለት ይቻላል። ግን በሁለተኛው 13 ሚሊ ሜትር ላስቲክ በብረት ተተክቷል። ያ ላስቲክ የመጀመሪያው ሾካችሁ ነበር። ምቾት የሚፈልግ ሰው ወደ ትንሹ ቸርኬ ይሂድ፤ የፍሬኑ ዕቃ ውስጡ መግባቱን ግን ያረጋግጥ።

ሾክ አብዞርበር፦ እኔ የተሳሳትኩበት

ሾክ የመኪናውን ክብደት አይሸከምም። ክብደቱን የሚሸከመው ባሌስትራው፣ ወይም ከፊት ሞላው ወይም ቶርሽን ባሩ (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ የሚሠራ ዘንግ) ነው። የሾክ ሥራ ባሌስትራው ከታጠፈ በኋላ መወዛወዙን እንዲያቆም ማድረግ ነው። በውስጡ ዘይት አለ። ዘይቱ በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ የእንቅስቃሴው ጉልበት ወደ ሙቀት ይለወጣል። ለዚህ ነው ከረጅም ኮረኮንች ጉዞ በኋላ ሾክ የሚያቃጥለው።

ብዙ መካኒኮች 80,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ይፈተሽ ይላሉ። አካሉ ላይ ዘይት ወርዶ አቧራ የተለጠፈበት ከሆነ አልቋል። ጎማው ዙሪያውን በማዕበል መልክ፣ ከፍ ዝቅ እያለ ከተበላም ምልክት ነው። መከላከያውን ተጭኖ መልቀቅ የሚባለው ፈተና ፒካፕ ላይ ብዙም አይረዳም። የኋላውን ባሌስትራ በእጅ ተጭኖ ማውረድ ከባድ ስለሆነ፣ ሙሉ በሙሉ የሞተ ሾክ ካልሆነ በቀር አያሳይም።

እኔ ሾክ ስገዛ "ሄቪ ዲዩቲ" የሚለውን መረጥኩ። ጠንካራ ነገር የተሻለ ነው ብዬ አሰብኩ። ተገጠመና ነዳሁት፤ ከቀድሞው ባሰ። ምክንያቱ አሁን ገብቶኛል። እንዲህ ዓይነቱ ሾክ የሚመጠነው ሁልጊዜ ለሚጭን፣ ተጨማሪ ባሌስትራ ለገባለት መኪና ነው። የእኔ ግን በሳምንት አምስት ቀን ባዶውን ይሄዳል። ስትገዙ "ጠንካራው የቱ ነው?" አትበሉ። "ባዶውን ለሚሄድ፣ ከፍታው ላልተነካ መኪና የተመጠነው የቱ ነው?" ብላችሁ ጠይቁ።

በዘይት ብቻ የሚሠራው፣ ናይትሮጅን ጋዝ የተጨመረበትና ሞኖትዩብ (ባለ አንድ ቱቦ) የሚባለው አንድ አይደሉም። ዘይት ብቻ ያለው ሲጀመር ለስላሳ ነው። ረጅም ኮረኮንች ላይ ግን ዘይቱ አረፋ ይሠራና ሾኩ ይደክማል። ጋዙ አረፋውን ይቀንሳል። ሞኖትዩብ ሙቀቱን ቶሎ ያወጣል፤ በጥርጊያ መንገድ በፍጥነት ለሚሄድ ሰው ይሻላል፤ ግን አንዳንዱ በዝግታ ሲነዳ ደረቅ ይላል። ለከተማና ለአስፋልት እኔ ጋዝ ያለበትን፣ ከመኪናው ጋር ከመጣው ጋር እኩል የተመጠነውን እመርጣለሁ። አራቱንም በአንድ ጊዜ መቀየር ካልቻላችሁ ቢያንስ ሁለቱን የፊት ወይም ሁለቱን የኋላ አንድ ላይ ቀይሩ።

ባሌስትራና ጎሚኒ፦ ማንም የማያየው ቦታ

የእናቴን ወገብ ያዳነው እዚህ የተሠራው ሥራ ነው።

ባሌስትራ የተደራረቡ ብረቶች ናቸው። ሲታጠፍ ብረቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። መሃላቸው ዝገትና ጭቃ ሲገባ ግን ይያያዛሉ። ትልቅ ጉድጓድ ሲመጣ ተገደው ይንቀሳቀሳሉ። ትንሹን ጉብታ ግን ጨርሶ አይቀበሉትም፤ እንደ አንድ ወፍራም ብረት ይሆናሉ። ለዚህ ነው አንዳንድ አሮጌ ፒካፕ በትልቁ ጉድጓድ ደህና ሆኖ በጠጠር ላይ የሚያንቀጠቅጠው። መፍትሔው ባሌስትራውን አውርዶ መፍታት፣ ዝገቱን ማራገፍ፣ ጫፍ ጫፋቸው ላይ ያለውን የማንሸራተቻ ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ መተካት ነው። ቅባት መቀባት ለጥቂት ሳምንት ያለሰልሳል፤ ከዚያ አቧራ ይሰበስባል፤ ጎሚኒ ላይ ከደረሰም ላስቲኩን ይበላዋል።

የባሌስትራው ጫፎች ሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይ የሚያርፉት በጎሚኒ ነው። በአንደኛው ጫፍ ሻክል የሚባል ተወዛዋዥ ማያያዣ አለ። ባሌስትራው ሲታጠፍ ርዝመቱ ስለሚለወጥ ሻክሉ ወዲያ ወዲህ ማለት አለበት። የእኔ ቡሎኑ ከዝገት ጋር ተጣብቆ ጨርሶ አይንቀሳቀስም ነበር። ሾክ የቀየረልኝ ሰው አላየውም። እኔም አልጠየቅኩትም።

አሁን ለመካኒካችሁ የምትነግሩት አንድ ትልቅ ነገር አለ። አዲስ ጎሚኒ ሲገባ ቡሎኑ በመጨረሻ የሚጠብቀው መኪናው በራሱ ጎማ መሬት ላይ ቆሞ ነው። በክሪክ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ፣ መኪናው ሲወርድ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀራል። ያኔ ባሌስትራው ሳይታጠፍ በፊት ጎሚኒው ይገፋዋል፤ ይደርቃል፤ በጥቂት ወራት ውስጥም ይቀደዳል። የፊቱ ክንዶች ጎሚኒም እንዲሁ ነው። የተሻለ ተብሎ የሚሸጠው ፖሊዩሪቴን ጎሚኒ ረጅም ዕድሜ አለው፤ ግን ከላስቲኩ ይጠነክራል፣ ንዝረትም ያሳልፋል። ለምቾት ከሆነ ላስቲኩ ይሻላል።

"አንድ ብረት አውጣለትና ይለሰልሳል" የሚል ምክር መስማታችሁ አይቀርም። ተጠንቀቁ። በብዙ ፒካፖች ላይ ከሁሉም በታች ያለው ወፍራሙ ብረት ረዳት ነው፤ ጭነት ካልመጣ አይነካም። እሱን ማውጣት ለባዶ ጉዞ ምንም አይጨምርም፣ የመጫን አቅሙን ግን ይቀንሳል። ከላይ ያሉትን ማውጣት ያለሰልሳል፤ ሆኖም የቀሩት ከአቅማቸው በላይ ይሸከማሉ፤ ሲሰበሩ ደግሞ አክስሉ ቦታውን ይለቃል። በቋሚነት የማትጭኑ ከሆነ ለቀላል ጭነት ተመጥኖ የተሠራ ሙሉ ባሌስትራ መቀየር ነው የሚያዋጣው።

ባሌስትራው ወርዶ ከሆነ ደግሞ መለስለስ አይመጣም፤ ተቃራኒው ነው። መንቀሳቀሻ ቦታው ስለሚያልቅ በየጉድጓዱ ማቆሚያውን ይመታል። ብዙ ሰው "ባሌስትራዬ ጠንክሯል" የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። የኋላውን ቁመት በሁለቱም ጎን ለኩና ከፋብሪካው ልክ ጋር አስተያዩት።

ምቾት የማይጨምሩ ወጪዎች

ፊቱን ከፍ ለማድረግ ቶርሽን ባሩን ማጥበቅ በጣም የተለመደ ነው። መኪናው ያምራል። ግን ጎማው ወደ ታች የሚወርድበት ቦታ ያልቃል፤ ጉድጓድ ሲገኝ ጎማው መውረድ ስለማይችል የመውረጃ ማቆሚያውን ይመታና ደረቅ ምት ይሰማል። የገዛችሁት መኪና ፊቱ ከኋላው ከፍ ብሎ ከታያችሁ መጀመሪያ ይህን አስመልሱ። ከዚያ አላይመንት (የጎማ አቅጣጫ ማስተካከል) አሠሩ። በአንድ ቀን ሥራ ሌላ መኪና የሚሆንበት ጊዜ አለ።

ከኋላ የሚገባው የአየር ፊኛም ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። ጭነት ሲኖር መኪናው እንዳይወርድ ያግዛል፤ ለዚያ ጥሩ ነው። ባዶውን ሲሄድ ግን በነበረው ባሌስትራ ላይ ተጨማሪ ሞላ ነው፤ አያለሰልስም። ትልልቅና ከባድ ጎማም እንዲሁ፤ ከባሌስትራው በታች ያለው ክብደት ሲጨምር ሾኩ ሊቆጣጠረው ይቸገራል።

ወንበሩን ግን አትናቁ። የ20 ዓመት ስፖንጅ ተጨፍልቆ ብረቱ ላይ ነው የምትቀመጡት። ስፖንጁን ማስቀየር ከምታስቡት በታች ያስወጣል፣ ልዩነቱም በዚያው ቀን ይሰማል። ጋቢናው ሻንሲው ላይ የሚያርፍባቸው ጎሚኒዎችም አሉ። አልቀው ከሆነ የመንገዱ ንዝረት ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል።

መቀየር፦ በእርግጥ ምን ታገኛላችሁ?

አዲስ ፒካፕ ሁሉ ለስላሳ አይደለም። ይህን ነድቼ ነው ያረጋገጥኩት።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከኋላ ነው። ቶዮታ ሃይሉክስ፣ አይሱዙ ዲማክስና መደበኛው ፎርድ ሬንጀር ለዓመታት ከኋላ ባሌስትራ ይዘው ነው የኖሩት። በሌላ በኩል ራም 1500 በ2009 ሞዴሉ ከኋላ ወደ ጥምዝ ሞላ ተሻገረ። ኒሳን ናቫራ በ2015 አካባቢ በመጣው ትውልዱ ባለሁለት ጋቢናውን በጥምዝ ሞላ አደረገ። ቶዮታ ቱንድራ ደግሞ በ2022 ሞዴሉ ባሌስትራውን ተወው። ሆንዳ ሪጅላይን ከ2006 ሞዴሉ ጀምሮ የኋላ ጎማዎቹ አንዱ ከሌላው ተለይተው የሚሠሩ፣ አካሉም እንደ ቤት መኪና አንድ ወጥ ነው። ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። ጥምዝ ሞላ የብረት ለብረት መፋተግ የለበትም፤ ትንሹን ጉብታ በደንብ ይቀበላል። ብዙ ጊዜ ከባድ ጭነት ለሚጭን ሰው ግን ባሌስትራው አሁንም አስተማማኝ ነው፤ እንደ ጥምዙ ቶሎ አይወርድም።

በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀትም ትልቅ ነገር ነው። ርቀቱ ሲረዝም መኪናው ፊትና ኋላው ተራ በተራ አይነሳም፤ ጉዞው ይረጋጋል። ሃይሉክስ ከ2005 እ.ኤ.አ. ትውልዱ ጀምሮ 3,085 ሚሊ ሜትር ነው፤ የ1990ዎቹ ባለሁለት ጋቢና 2,850 አካባቢ ነበር። ይህን ልዩነት ምንም ሾክ አያመጣውም። አሮጌ አጭር ፒካፕ ያለው ሰው በዚህ ነጥብ ላይ ለራሱ እውነቱን ይንገር።

ከምቾት በላይ የምመለከተው ደኅንነት ነው። መኪናው ሲንሸራተት በራሱ ፍሬን እየያዘ አቅጣጫውን የሚያስተካክለው ሥርዓት በአሜሪካ ከ2012 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ፣ በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በአዳዲስ ቀላል መኪኖች ላይ ግዴታ ሆኗል። ከፍ ያለና ከኋላው ቀላል የሆነ ፒካፕ በእርጥብ መታጠፊያ ላይ ይህ በጣም ያስፈልገዋል። አሮጌው ላይ ከሌለ በኋላ አይገጠምም። ኤርባግም እንዲሁ። ልጆች በየቀኑ የምታመላልሱበት ከሆነ ይህ ብቻውን ለመቀየር በቂ ምክንያት ነው፤ ለስላሳ ባሌስትራ አይተካውም።

ጥገና ፈጽሞ የማይመከርበት ቦታም አለ። ሻንሲውን ከስር በመዶሻ ቀስ ብላችሁ አንኳኩት፤ በተለይ ባሌስትራው በሚያያዝባቸው ቦታዎች። ጥርት ያለ የብረት ድምፅ ከሰጠ ደህና ነው። የታፈነ ድምፅ ካሰማ፣ ዝገቱ በንብርብር ከተነሳ ወይም መዶሻው ከሰመጠ፣ አንድም ሾክ አትግዙ። ቀደም ሲል ተጋጭቶ ሻንሲው የተጣመመም እንዲሁ።

ሂሳቡ

ሁለት ወረቀት ያዙ። በአንዱ ጎማ፣ ሾክ፣ ጎሚኒ፣ ባሌስትራ፣ ስፖንጅና የእጅ ዋጋ ጻፉ። በሌላው በአሮጌው መሸጫና በሚገዛው መካከል ያለውን ልዩነት ጻፉ፤ በዚያ ላይ ኢንሹራንሱን፣ ግብሩን፣ ብድር ካለም ወለዱን፣ አዲስ ከሆነ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሚወርደውን ዋጋ ጨምሩ። ጎማውን ከመጀመሪያው ወረቀት ልትሰርዙት ትችላላችሁ፤ ካረጀ መኪናው ቢለሰልስም ባይለሰልስም መቀየሩ አይቀርም።

ጥገና አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። ደረጃ በደረጃ ይሄዳል። ንፋሱን አስተካክላችሁ ሁለት ሳምንት ትነዱታላችሁ። ከበቃ ታቆማላችሁ። ካልበቃ ጎሚኒውን ታዩታላችሁ። ከዚያ ሾኩን። መኪና መቀየር ግን አንዴ ከተደረገ መመለሻ የለውም። በሌላ በኩል ለምቾት ያወጣችሁት ገንዘብ ስትሸጡት አይመለስም፤ ገዢ ስለ አዲስ ጎሚኒ ብሎ አይጨምርላችሁም። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ዓመት ልትይዙት ካላሰባችሁ ከንፋስና ከባላንስ አትለፉ።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ጊዜ ይረሳል። ባለፈው ወር ስንት ቀን ጫናችሁ? መልሱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ከሆነ ምናልባት የሚያስፈልጋችሁ ፒካፕ አይደለም። የቤት መኪና ይዞ ለጭነት ቀን መከራየት ወገብንም ኪስንም ያሳርፋል። ለእኔ አልሆነልኝም፤ በሳምንት ሁለት ቀን እጭናለሁ። ስለዚህ ጎማውን፣ የባሌስትራውን ጎሚኒና ሻክል፣ ሾኩን እንደገና፣ ስፖንጁንም አሠራሁና ያዝኩት።

ለመግዛት ከሄዳችሁ

መኪናውን ባዶውን፣ በምታውቁት መጥፎ መንገድ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ንዱት። ከመነሳታችሁ በፊት ንፋሱን ለኩ። አዲስ መኪና ሲጓጓዝ ጎማው አብዝቶ ስለሚሞላ ያልተስተካከለ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ያለ ጥፋቱ ደረቅ ይመስላችኋል። ያገለገለ ከሆነ ደግሞ ለሽያጭ ሲባል ንፋሱ ቀንሶ እንዲለሰልስ ተደርጎ እንዳይሆን እዩ። ሹፌር ቦታ ላይ ብቻ አትፍረዱ። ሌላ ሰው ይንዳና እናንተ ከኋላ ተቀመጡ።

አብሯችሁ የሚሄደውንም ሰው ይዛችሁ ሂዱ። እኔ አንዱን ጥምዝ ሞላ ያለውን ብቻዬን ነድቼ በጣም ወደድኩት። በማግስቱ እናቴን ወሰድኳት። ጉዞው ተመችቷት ነበር። ግን ወለሉ ከእኔው መኪና ከፍ ይላል፤ መርገጫም አልነበረውም። ለመውጣት ሁለት ጊዜ ሞክራ ሦስተኛው ላይ ደግፌ አስገባኋት። ከዚያ ወዲህ መኪና ሳይ ሜትር ይዤ ነው የምሄደው፤ ከመሬት እስከ በሩ ወለል፣ መርገጫው የት እንዳለ፣ የምትይዘው እጀታም በየትኛው በኩል እንደሆነ እለካለሁ።